በወንድሜ ላይ የማልኩት

እስካለፈው ዓርብ ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን ግን ቃሉ እየቀደመኝ እነግራችኋለሁ፦ በሐሰት ምዬ ወንድሜን በዘመድ ዘንድ ያስጠላሁት እኔ ነኝ።

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ አቃቂ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሄሞፊሊያ አለበት፤ ደሙ ቶሎ አይረጋም። ጉልበቱ ውስጥ እየደማ አንካሳ አድርጎታል። ከማግባቴ በፊት ለአማቶቼ «መኪና ገጭቶት ነው» አልኳቸው። በእናት በኩል እንደሚወረስ ቢሰሙ ማን ያገባኛል ብዬ ነው።

ልጄን አንዋርን ሕፃን ሳለ፣ ለሰይድ እንኳ ሳልነግር፣ ለግርዛት ክሊኒክ ወሰድነው። ነርሷ «ከቤተሰብ ደሙ አልቆም የሚል ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ አጠገቤ ነበሩ። እያወቅኩ «የለም» አልኩ። ከልጄ ነፍስ የሚበልጥ ምን ነበረኝ?

ደሙ አልቆም አለ። ጨርቅ ቀየርን፣ ደግመን ቀየርን። ሕፃኑ ማልቀስ ሲያቅተው ለሰይድ ደወልኩ። በባጃጅ ደረሰ፤ እያነከሰ ገብቶ ለሐኪሙ «ሄሞፊሊያ አለብኝ፤ የእህቴ ልጅ ነው፤ አሁኑኑ ትልቅ ሆስፒታል ላኩት» አለ። እዚያ ደም የሚያረጋው መድኃኒት ተሰጠው፤ ልጄ ተረፈ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

«ወላሂ አላውቅም። እኔንም መኪና ገጨኝ ብሎ ደብቆኝ ነው» አልኩ።

ሰይድ እዚያው ቆሟል። አየኝ፤ ሳያጋልጠኝ እያነከሰ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ገላን ኮንዶሚኒየም ያለው ቤታችን ድርሽ እንዳይል ተከለከለ። ዘመድ ሁሉ «ልጅ ሊያስገድል ነበር» ሲለው እኔ ሰማሁ። ዝም አልኩ። እኔ፣ ያን ሁሉ ዓመት።

ባለፈው ዓርብ አማቴ ጉልበቱ አብጦ የሚያነክሰውን አንዋርን «ለዚህ የዳረገህ አጎትህ ነው» ሲሉት አልቻልኩም። ባሌም ባለበት አፈረጥኩት፦ «አውቅ ነበር። የደበቅኳችሁ እኔ ነኝ።» ባሌ ተነስቶ ወጣ። አማቴ ብዙ አለቀሱ፤ ከዚያ ሻሻቸውን አስረው «የወንድምሽን ቤት አሳዪኝ» አሉ።

አንዋርን ይዘን ሄድን፤ ሰይድ በሩን ከፈተ። «ይግቡ፣ እማማ» አላቸው። አንዋርን አጠገቡ አስቀምጦ «የትኛው ጉልበትህ ነው የሚያምህ?» አለው። ልጁ ሱሪውን ሰብስቦ አሳየ፤ ሰይድም የራሱን አሳየው። ሁለቱም ሳቁ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ደስ ብሎኝ አየኋቸው።

እኔን ግቢ አላለኝም። እንዲለኝ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። የማልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።