የዓሣ አለቃ የሆንኩበት ጾም

ዳንግላ ተመድቤ በሄድኩበት ዓመት ከትምህርት ቤቱ መምህራን መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሃያ አንድ ነበር። የባሕር ዳር ልጅ መሆኔን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ታዲያ ዓሣ ማጥመድ ታውቂበታለሻ!» እኔም ፈገግ ብዬ ዝም እላለሁ። ዝምታዬን እንደ ትሕትና ቆጠሩልኝ።

እውነቱ ሌላ ነው። እናቴ ውሃ እንዳይወስደኝ ስትሳሳ ከሐይቁ ዳር አታደርሰኝም ነበር። ዓሣ የማውቀው ባለታንኳዎቹ ሆዱን ቀደው፣ ቅርፊቱን ፍቀው፣ በራችን ድረስ ይዘውት ሲመጡ ነው። መጥበሱን፣ መቀቀሉን፣ አድርቆ ወጥ መሥራቱን ከእናቴ ተምሬአለሁ። ከውሃ ሲወጣ ግን አንድም ቀን ቀርቤ አላየሁም።

ለምን ወዲያው «አላውቅም» እንዳላልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። በስብሰባ ላይ ስለ ፈተናም ሆነ ስለ ክፍል ድልድል ሲወራ ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ወደ እኔ የሚዞሩት የመጋረጃና የሻይ ነገር ሲነሣ ብቻ ነው። ስለ ዓሣ ሲወራ ግን ሁሉም ዞረው እኔን ያዩኛል። ያ ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው ነው።

ዐቢይ ጾም በተጋመሰ ጊዜ አንድ ሰኞ ዳይሬክተሩ በመምህራን ክፍል ሰበሰበን። ዝምተኛ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር።

«ሽሮው ሁላችንንም ሰልችቶናል» አለ። «ቄሶቹ ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም እያሉ ይከራከራሉ፤ እኔ ግን እናትና አባቴ ሲበሉት ነው ያደግሁት። ቅዳሜ አብረን ወደ ክልቲ ወንዝ ወርደን አጥምደን እዚያው ብንበላስ?»

ሁሉም ደስ አላቸው።

«እንግዲያው የዓሣው አለቃ ወይዘሪት ይሁኑ» አለ ወደ እኔ ዞሮ። አጨበጨቡልኝ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ዝቅ በማድረግ ተቀበልኩ።

ወዲያው ጥያቄ ወረደብኝ። ስንት መንጠቆ ያስፈልጋል? ስድስት አልኩ። በምን ይታሰራል? በሲባጎ። ምን ይሰካበታል? ይህን እንኳ ሰምቼ ስለማውቅ «የምድር ትል» አልኩ። ከዚያ የሒሳብ መምህሩ፣ የዳንግላ ተወላጅና ምላሱ ፈጣን የሆነ ጎልማሳ፣ «ዓሣ በስንት ሰዓት ነው የሚበላው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በምሳ ሰዓት ስለሚርበኝ፣

«በቀትር» አልኩት።

ጻፈው። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ተነሥተን ቀትር ላይ ወንዙ ዳር እንድንደርስ ተወሰነ። ዘይቱን፣ ጨውና በርበሬውን፣ እንጀራውንና መጥበሻውን ተከፋፍለው ተበተኑ። መንጠቆ መግዛት ለእኔ ደረሰ።

በማግስቱ ገበያ አጠገብ ካለው ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ጨርቅም ምስማርም መርፌም የሚሸጥ ትልቅ ሰው ነበር። ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ መንጠቆ ዘርግፎ፣

«ለየትኛው ዓሣ ነው ልጄ? ትልቁን ነው ትንሹን?» አለኝ።

«መካከለኛውን» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ስድስቱን ቆጥሮ፣ ጫፋቸው እንዳይወጋኝ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከሱቁ ስወጣ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ግሎ ነበር።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ አልመጣም። በመጋቢት ሁለት ሦስቴ የሚጥለው ካፊያ እንኳ ቀርቶ ሰማዩ ጠዋትም ማታም ነጭ ነበር። ከቆላ የሚመጡ ነጋዴዎች ክልቲን ጉልበታቸው ሳይርስ እንደተሻገሩ አወሩ። ወሬው መምህራን ክፍል በደረሰ ጊዜ የሒሳብ መምህሩ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

«እንዲያ ከሆነማ መንጠቆ ምን ያደርጋል? ብርብራ እንወቅጣለን! አማቴ ግቢ ዛፉ አለ። ፍሬውን ወቅጠን ኩሬው ውስጥ ብንበትነው ዓሣው ሰክሮ ራሱ ይንሳፈፋል። በእጃችን መልቀም ነው።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ መሰለኝ። በብርብራ ከሆነ ማንም እኔን መንጠቆ ጣዪ አይለኝም። «ጥሩ ሐሳብ ነው» ያልኩት እኔው ነኝ፤ ከማንም ቀድሜ።

ቢሆንም አለቃ ነኝና ቦታውን አስቀድሞ ማየት ተገቢ መሰለኝ። ዳይሬክተሩን አስፈቅጄ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋር ወረድኩ። ዘበኛው ሽበታም አገው ናቸው፤ የተወለዱት ከዚያው ወንዝ ማዶ ነው። እኛ ወጣቶቹ «አያ» እንላቸዋለን። ቀጭን ዘንጋቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊት ከፊቴ ሄዱ። መንገድ ላይ ያገኘናቸውን ሁሉ በአገውኛ እየቆሙ ሰላም ስለሚሉ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀን።

ወንዙን ሳየው ደነገጥኩ። ድንጋዩ ሁሉ ገጥጦ ወጥቷል፤ ውሃው እዚህ ትንሽ እዚያ ትንሽ ተቋጥሮ ቀርቷል። ጎንበስ ብዬ እጄን ብከት እግር ለመታጠብ እንዳሞቁት ውሃ ለብ ብሎ ጠበቀኝ። ዘበኛው ወደ ታች ወሰዱኝና አንድ ጥልቅ ኩሬ አሳዩኝ። በአንድ በኩል ትልቅ ሾላ አጥልቶበታል፤ ከሾላው ሥር ትንሽ ምንጭ ይገባበታል። ምንጩ በሚገባበት በኩል ውሃው ጥቁር ሆኖ ይንቀሳቀሳል።

«ቀስ ብለሽ እዪ» አሉኝ።

ያ ጥቁር ነገር ዓሣ ነበር። አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ አፉን ከፍቶ፣ ሲከፍት ሲገጥም።

«ምን ሆኖ ነው፣ አያ?»

«ሙቀት ነዋ። የሞቀ ውሃ እስትንፋስ የለውም። ከላይም ከታችም ያለው ሁሉ ቅዝቃዜ ፍለጋ እዚህ ገብቷል። እስከ ሰኔ ቤቱ ይኸው ነው። የሰኔ ውሃ ሲመጣ ይወጣና ይራባል።»

«ብርብራ ቢጣልበትስ?» አልኩ፤ ድምፄ አነሰብኝ።

ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሰምቻለሁ። ብርብራ ድሮም እንጥላለን ልጄ፤ ውሃው ሙሉ ሆኖ ሲሄድ። ያን ጊዜ የሚወሰደው ተወስዶ የቀረው ይተርፋል። አሁን ከጣላችሁ ግን አንድ አይቀርም፤ ትልቁም ትንሹም። ደግሞ ይህ ኩሬ የሦስት መንደር ከብት መጠጫ ነው። በማግስቱ የሞተው ሸቶ ውሃው ሲበላሽ ከብቱ አሽትቶ ይመለሳል። ወዴት ይሂድ? እናንተም ብትሆኑ በቀትር የያዛችሁት ዓሣ እሳት ሳይነድ ይበላሽባችኋል። ለመሆኑ ቀትርን ማን ነው የመረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ? የሐይቅ ልጅ?»

ያን ጊዜ አመለጠኝ። «አያ፣ እኔ አጥምጄ አላውቅም። መንጠቆ የያዝኩት ትናንት ነው።»

ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ። ተቀመጥኩ።

«እኔ እዚህ ወንዝ ዳር ተወልጄ ዋና አላውቅም» አሉኝ። «የወንዙ ልጅ ሲሉኝ ዝም እላለሁ። ምን ልበል?»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባም መጣ። ለአንድ ሰው እንኳ በመንገሬ የቀለለኝን ያህል ከዚያ በፊት ቀሎኝ አያውቅም። እሳቸው ግን ሥራዬ እንዳላለቀ ያውቁ ነበር። ስንነሣ፣ «ለእነሱም ንገሪያቸው። እኔ ብነግራቸው ዘበኛ ምን ያውቃል ይላሉ» አሉኝ።

ሐሙስን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ዝም ብል ብርብራው ስሜን ያድንልኛል። ብናገር መንጠቆው እጄ ላይ ይቀራል። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እነዚያ የተከፈቱ የዓሣ አፎች ይታዩኛል። የሒሳብ መምህሩ በዕረፍት ሰዓት ሁለት ቁና ብርብራ በጆንያ አምጥቶ መምህራን ክፍል ጥግ አስቀመጠና በኩራት በእግሩ ነካ ነካ አደረገው።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበሰብን። ዳይሬክተሩ «ወይዘሪት፣ ቦታውን እንዴት አገኙት?» አለኝ። ቆምኩ። ሌላ ጊዜ ተቀምጬ ነበር የምናገረው።

«ከዚያ በፊት የምነግራችሁ አለ» አልኩ። «ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌአለሁ፤ ዓሣ ግን አጥምጄ አላውቅም። ስትጠይቁኝ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ቀትር ያልኳችሁም ከራሴ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ቆሜ ሳለሁ ቀሪውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ፤ የሞቀውን ውሃ፣ የተጨናነቀውን ዓሣ፣ የሦስቱን መንደር ከብት። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ዘበኛው መሆናቸውንም አልደበቅሁም።

«እና ይሄ ሁለት ቁና ምን ሊሆን ነው?» አለ የሒሳብ መምህሩ። ፊቱ ጠቁሯል። «አማቴን ለምኜ፣ እሾህ ወግቶኝ…»

«ቆይ» አለው ዳይሬክተሩ። መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። «እኔም የምነግራችሁ ነበረኝ። የወንዙ አካባቢ ጭቃ ሹም ትናንት ቢሮዬ መጥቶ ነበር። ‹መምህሮቹ ውሃችንን ሊመርዙ ነው ተብሎ ሕዝቡ ተቆጥቷል፤ ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት እናስወጣለን ይላሉ› አለኝ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ፣ ያስደሰትኳችሁም እኔ፤ አሁን ቀረ ብዬ እንዴት እንደምነግራችሁ ጨንቆኝ ነበር። ወይዘሪት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ተቀመጥኩ። አማርኛ የሚያስተምሩት ሽማግሌ መምህር ሳቅ ጀመሩ፤ «እኔ እኮ መንጠቆውን እንደ ክር መርፌ ስትይዢው አይቼሻለሁ። ‹የባሕር ዳር አያያዝ ይሆናል› ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሒሳብ መምህሩ ግን አልሳቀም።

«ታዲያ ጭራሹን እንቅር?» ብሎ ጠየቀ ዳይሬክተሩ።

ዘበኛው ከበሩ ላይ ሆነው ሲሰሙ ኖሯል። ገቡና ከነባርኔጣቸው ቆመው ተናገሩ። ወንዙ ከደኑ በሚወጣበት በላይ በኩል ምንጮች ስላሉ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ዓሣውም እዚያ አይጨናነቅም። ጎሕ ሲቀድ መድረስ፣ ለአፍ የሚበቃውን ብቻ መያዝ፣ ፀሐይ ውሃው ላይ ስትወርድ ማቆም። የታችኛውን ኩሬ አለመንካት። «ይህን ካደረጋችሁ ማንም አይቆጣችሁም፤ ለጭቃ ሹሙም እኔ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ» አሉ። ዳይሬክተሩ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። በዚያ ክፍል ሲቀመጡ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

የሒሳብ መምህሩ ጆንያውን ተሸክሞ ሳይሰናበት ወጣ። ቅዳሜ ይመጣል ብሎ የጠበቀው አልነበረም። ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ከትምህርት ቤቱ በር ስንሰበሰብ ግን ጋቢውን ተከናንቦ ከሁላችንም ቀድሞ ቆሟል። «ኑ እንጂ፣ ይነጋል!» አለን።

ላይኛው ወንዝ ስንደርስ ጭጋግ ነበር። እጄን ውሃው ውስጥ ብከት ቀዝቃዛ ሆኖ አንጀቴን አራሰው። ዘበኛው ትሉን እንዴት እንደምሰካ፣ ሲባጎውን እንዴት እንደምወረውር ሲያሳዩኝ ወንዶቹም አንድ በአንድ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ለካ ከመካከላቸው ያጠመደ አንድም ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የያዘው የሒሳብ መምህሩ ነው። ነጭ ዓሣ ነበር፤ ክንድ የማይሞላ። ሲንፈራገጥ ደንግጦ ሊጥለው ምንም አልቀረውም። «ያዝኩ! ያዝኩ!» እያለ እንደ ሕፃን ጮኸ፤ ቁጣውም በዚያው ጠፋ። ከዚያ ዳይሬክተሩ ሁለት ያዘ። እኔ አንድ ያዝኩና የውሃው ዳር ሲደርስ አመለጠኝ። አላዘንኩም። ፀሐይ ከዛፎቹ በላይ ወጥታ ውሃው ላይ ስታርፍ ዘበኛው «በቃ» አሉ፤ ዘጠኝ ሰዎች ሰባት ዓሣ ይዘን ሲባጎውን ጠቀለልን።

ቀሪው ሥራ የእኔ ነበር። ሆዱን ቀደድኩ፣ ቅርፊቱን ፋቅሁ፣ በጨውና በበርበሬ አሽቼ በኑግ ዘይት ጠበስኩት። ቅዳሜ በመሆኑ ከጠዋት መብላት ይፈቀዳል። ለእያንዳንዱ የደረሰው ትንሽ ነው፤ ከእንጀራው ጋር ግን በቃ። ዳይሬክተሩ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለዘበኛው አጎረሰ።

ስንመለስ የሒሳብ መምህሩ እኔን ለመጠበቅ ወደ ኋላ ቀረ። ጥቂት አብረን ከሄድን በኋላ፣

«ስሚ፣ ዘይቱ ምን ያህል ሲግል ነው የምትጨምሪው?» አለኝ። «ለሚስቴ ልነግራት ነው። እኛ ቤት ዓሣው ሁልጊዜ ይሰባበራል።»

ነገርኩት። በዚህኛው እውቀቴ እርግጠኛ ነበርኩና ዳንግላ እስክንደርስ አስረዳሁት። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ጋደም እንዳልኩ ያ ሳምንቱን ሁሉ የሸሸኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ከቀትር አልፎ ነበር፤ እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ወዲያው ለመታጠብም አልቸኮልኩም።