ወንድሜ ከውኃ ጋር ይሄዳል

የፈተና ወረቀት ከማባዣ ማሽኑ ሲወጣ ትኩስ ነው። ደረቴ ላይ ታቅፌው ስሄድ ሙቀቱ በሸሚዜ አልፎ ይሰማኛል፤ የቀለሙ ሽታ ጉሮሮዬ ድረስ ይገባል። ዛሬ ረፋድ ላይ ያንን ትኩስ ወረቀት ታቅፌ ወደ መምህራን ክፍል ስገባ፣ አንተ የአንድ ተማሪህን የእንግሊዝኛ ድርሰት ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታነብ ነበር። ሌሎቹ ይስቃሉ። ወረቀቱን ከእጅህ ስነጥቅህ ደነገጥክ። ‹‹ምን ሆንሽ ቲቸር፣ ለቀልድ እኮ ነው!›› አልከኝ።

እሺ፣ ለቀልድ ነው። ቁጭ በልና ስማኝ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ትምህርት ቤታችን ከደቻቱ ብዙም አይርቅም። ወንዝ እንለዋለን እንጂ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ መሆኑን ታውቃለህ፤ ፍየል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው እንደ መንገድ ይሻገረዋል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። እዚህ ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውኃው እያጓራ ይደርሳል።

ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ቤቷ ከአሸዋው ማዶ ነበር። እናቷ ጫት ትሸጣለች። ልጅቷ ቤት ውስጥ ሶማሊኛ፣ ገበያ ላይ ኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ትናገራለች፤ ስትቸኩል ደግሞ ሁሉንም ባንድ ላይ ታወርደዋለች። ደወል ሲደወል ‹‹ካሌይ፣ ኮቱ፣ ነይ እንጂ!›› እያለች ክንዴን ትጎትተኝ ነበር። በሦስት ቋንቋ ‹‹ነይ›› የተባለ ሰው እንዴት ይቀራል? እየሳቅኩ እከተላታለሁ።

ታናሽ ወንድም ነበራት። ስምንተኛ ክፍል ከመግባታችን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎርፍ መጣና አሸዋው ዳር የነበረውን የድሮ ቤታቸውን ከነዕቃው፣ እሱንም አብሮ ወሰደው። አስከሬኑ አልተገኘም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከክፍላችን ልጆችም ግማሹ ያውቃል። እሷ ግን ስለ እሱ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

የእንግሊዝኛ መምህራችን በዚያው ዓመት ከደጋ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። እኛ እንደ ሰም እየቀለጥን እሱ ሸሚዙ አይጨማደድም። የእጅ ጽሑፉ ሰሌዳው ላይ እንደ መጽሐፍ ይነበባል። ጎበዝ ነበር፤ ይህን አልክደውም። ስህተት ሲሰማ ግን አፉ ውስጥ ዝንብ የገባበት ሰው ይመስል ፊቱን ይቋጥራል። እኛ ደግሞ የምንናገረው ሁሉ ስህተት ነበር።

አንድ ሰኞ ‹‹ንባባችሁን፣ ጽሕፈታችሁን፣ ሰዋስዋችሁን እፈትናለሁ›› አለን። ጥሩ ያመጡት ልዩ ክፍል ይገባሉ፤ እሱ ራሱ በአዲስ መጽሐፍ ያስተምራቸዋል። የቀሩት በከሰዓት ፈረቃ ቆርቆሮው አዳራሽ ውስጥ ይማራሉ። የድሬዳዋ ከሰዓት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ለአንተ መተንተን አያስፈልገኝም።

በፈተናው ቀን ክንዳችን ከላብ የተነሳ ወረቀቱ ላይ ይጣበቅ ነበር። የንባቡ ክፍል ቶም ስለሚባል ልጅ ነው። ቶም ጠዋት ሲነሳ ደጁ በስኖው ተሸፍኗል፤ ይደሰታል፤ በስኖው ሰው ይሠራል፤ አፍንጫውን ካሮት ያደርግለታል። ጓደኛዬ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ‹‹ስኖው ምንድነው?›› አለችኝ በሹክሹክታ።

‹‹በረዶ።››

‹‹የፍሪጁ?››

‹‹እንጃ። ከሰማይ የሚወርድ መሰለኝ።››

‹‹ቤቱን ሸፍኖበት ይደሰታል?›› አለች። ዓይኗ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ከሰማይ ወርዶ ቤት የሚሸፍን ነገር ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ‹‹ቶም ምን ተሰማው?›› ለሚለው ጥያቄ ‹‹ፈራ›› ብላ እንደመለሰች በኋላ አየሁ። ተሰርዞባታል።

መጨረሻ ላይ ድርሰት ነበር፤ ርዕሱ ‹‹የማልረሳው ቀን››። እኔ አጎቴ ሰርግ ላይ ስለበላሁት ኬክ ጻፍኩ። ያለ ስህተት፣ ያለ ነፍስ። እሷ ግን አጎንብሳ ጻፈች፤ ወረቀቱ ሲያልቅባት እጇን አውጥታ ተጨማሪ ጠየቀች። መምህሩ ተገርሞ ሰጣት። በዚያ ዓመት ተጨማሪ ወረቀት ስትጠይቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ውጤት የሚመለስበት ቀን መምህሩ ጥሩ ስሜት ላይ ነበር። ከክምሩ ውስጥ አንዱን መዘዘና ‹‹ግሥ እንዴት እንደሚገደል ላሳያችሁ›› አለ። ማንበብ ጀመረ።

‹‹ማይ ብራዘር ጎ ዊዝ ዋተር።›› ወንድሜ ከውኃ ጋር ይሄዳል፣ እንደማለት ነው።

ክፍሉ ሳቀ። አነባበቡ ያስቅ ነበር፤ ድምፁን አቅጥኖ፣ እያንዳንዱ ስህተት ላይ ቆም እያለ። ከማዶ ሰፈር የሚመጡት ልጆች ግን አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከኋላ ያሉት መሳቃቸውን ቀጠሉ። ጓደኛዬ ዓይኗን ዴስካችን ላይ ተከለች።

አስነሳት። ‹‹የጎ ፓስት ቴንስ ምንድነው?››

‹‹ዌንት።››

‹‹አሃ! ታውቂዋለሽ። ታዲያ ለምን ጎ ብለሽ ጻፍሽ?››

‹‹አልተገኘማ ቲቸር›› አለች። ‹‹ገና ነው።››

ያሾፈችበት መሰለው። ‹‹ውጪና ተንበርከኪ!›› ብሎ በሩን አመለከታት።

እኔ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ‹‹ቲቸር፣ ወንድሟ እኮ ሞቷል!›› ብዬ ጮኽኩ።

‹‹ኢን ኢንግሊሽ!›› አለ። እሱ ራሱ ይናገረዋል፣ ለእኛ ግን በክፍሉ ውስጥ አማርኛ ክልክል ነበር።

ምን ላድርግ? በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ‹‹ኸር ብራዘር ዳይድ።››

‹‹ቬሪ ጉድ!›› አለ። ወደ ክፍሉ ዞረ። ‹‹ዳይድ! ሰማችሁ? ፓስት ቴንስ ማለት ይህ ነው።››

ይህን የምነግርህ ስንት ዓመት አልፎት ነው? ቃሉ መጀመሪያ ለመምህሩ የገባው ከሰዋስው በኩል ነው፤ ትርጉሙ ዘግይቶ ደረሰው። ሲደርሰው አየሁት። ጠመኔ የያዘው እጁ አየር ላይ ቀረ። አንገቱ ድረስ ቀላ። እዚያ ላይ አንዲት ቃል ቢናገር፣ ‹‹አላወቅኩም›› ቢል እንኳ፣ እኔ ዛሬ ከእጅህ ወረቀት አልነጥቅም ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን ለሁለት አጠፈና የሚቀጥለውን ተማሪ ስም ጠራ። ጓደኛዬ ወጥታ ፀሐይ ላይ ተንበረከከች። ማንም ተመለሺ አላላትም።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ መጣች። ገበያዋን ትታ፣ ሰፊ ሽቲ ቀሚሷን እየጎተተች፣ ጣቶቿ ጫፍ ላይ የጫቱ አረንጓዴ እንዳለ። ልጅቷ የእጄን አንጓ ጨብጣ አልለቅም ስላለች እኔም አብሬ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። መምህሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

‹‹ይቀመጡ እናቴ›› አሉ ርዕሰ መምህሩ።

አልተቀመጠችም። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ‹‹ልጄ ምን ሰረቀ? ማንን ሰደበ?››

‹‹የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው እንጂ…››

‹‹ስህተቱን አሳየኝ።››

ወረቀቱ ከመሳቢያ ወጣ። ሃያ ከሚይዘው ድርሰት አራት አግኝታለች፤ ገጹ በቀይ ተዥጎርጉሯል። መምህሩ ቀረብ ብሎ ስለ ግሥ ማስረዳት ጀመረ። እናትየው አቋረጠችው። ልጇን ‹‹ስሙ የቱ ጋ ነው?›› አለቻት። ልጅቷ የወንድሟን ስም አሳየቻት። እናትየው ጣቷን ስሙ ላይ አሳረፈችና እዚያው አቆየችው።

‹‹ይሄን ስጠኝ›› አለች።

‹‹የፈተና ወረቀት ከግቢ አይወጣም›› አሉ ርዕሰ መምህሩ። ‹‹ደንብ ነው።››

‹‹የሱ ፎቶ አንድ ነበረኝ። ውኃ ወሰደ። በሱ ላይ የተጻፈ ነገር ዱንያ ላይ ይሄ ብቻ ነው።››

ከዚያ መምህሩ፣ ይመስለኛል ደግ መሆኑ ነው፣ ‹‹እቤት እንደገና ትጻፍልዎት፤ እኔ ስህተቱን አርምላታለሁ›› አለ።

እናትየው ቀና ብላ አየችው። ‹‹አንተ እናት አለህ?›› አለችው። ወደ ልጇ ዞረችና ‹‹አክሪ›› አለቻት፤ አንብቢ ማለቷ ነው።

ልጅቷ እዚያው ቆማ አነበበች። አንድ መስመር በእንግሊዝኛ፣ ከዚያ ያንኑ በሶማሊኛ ለእናቷ። እኔ ሶማሊኛው ብዙ አይገባኝም፤ እንግሊዝኛውን ግን ያኔ መጀመሪያ ጊዜ ያለ ሳቅ ሰማሁት። ጎርፉ የመጣበት ቀን ጠዋት ወንድሟ ማንጎዋን በልቶባት ‹‹ፍየሏ በላችው›› ብሏታል። ጥርሱ መሃል ግን የማንጎው ክር ተሰክቶ ነበር። እሷም ‹‹ፍየል ሆይ፣ አፍሽን ክፈቺ›› ብላ አሯሯጠችው። እዚህ ጋ ሲደርሱ እናትየው ሳቀች። ከልቧ፣ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ። ከዚያ ሻሿን ስባ ፊቷን ሸፈነችና እዚያው ውስጥ ቀረች። ልጅቷ ግን ማንበቧን አላቆመችም፤ እስከ ውኃው ድረስ አነበበች።

ርዕሰ መምህሩ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ ያዩ ነበር። ልባቸው የራራ መሰለኝ። አሁን ይሰጧታል ብዬ እጄን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቱን በቀስታ ተቀብለው መሳቢያው ውስጥ መልሰው ቆለፉት። ‹‹ይቅርታ እናቴ፣ ደንብ ነው›› አሉ። ለማን የሚጠቅም ደንብ ነው? የስምንተኛ ክፍል ድርሰት ማን ይሰርቀዋል? በዓመቱ መጨረሻ የድሮ ፈተና ከግቢው ጀርባ እንደሚቃጠል እኛ ተማሪዎቹ እንኳ እናውቅ ነበር።

እኔ ልዩ ክፍል ገባሁ። ከእሱ ተማርኩ፤ ደህና አድርጎም አስተማረኝ። ዛሬ እንጀራ የምበላበት እንግሊዝኛ የእሱ ነው፤ ይህም ራሱ ያናድደኛል። እሷ ቆርቆሮው አዳራሽ ገባች። በእረፍት ሰዓት ደብተሯን አያለሁ። ድርሰት ጻፉ ሲባሉ አጫጭር ነገር ትጽፋለች፤ ላም ሣር በላች፣ ፀሐይ ወጣች፣ ትናንት ገበያ ሄድኩ። ሁሉም ትክክል። አንድ ቀይ ምልክት የለበትም። አዲሱ መምህሯ ‹‹ቬሪ ጉድ›› ብሎ ይፈርምበታል። ያቺ ተጨማሪ ወረቀት የጠየቀች ልጅ እንዲህ አለቀች፤ እነሱም ተሻሻለች አሉ።

የድሮ መምህሬን ባለፈው ዓመት ከዚራ ሰፈር አግኝቼዋለሁ። ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቆሞ ባጃጅ ይጠብቃል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሸሚዙ ያው አልተጨማደደም። አቅፎ ሳመኝ። አጠገቡ ለነበረው ሰው ‹‹ተማሪዬ ነበረች፣ አሁን መምህርት ናት፣ ኩራቴ!›› አለ። ስለ እሷ ጠየቅኩት።

‹‹የትኛዋ?›› አለ።

ነገርኩት። ውኃውን፣ ግሡን፣ ‹‹ቬሪ ጉድ›› ማለቱን። አላስታወሰም። አንገቱ ግን እንደዚያን ቀን ቀላ። ‹‹ልጅ ነበርኩ እኮ፣ የኔ እመቤት›› አለ ቀስ ብሎ። እውነቱን ነው፣ ከአንተ አይበልጥም ነበር። እኛ ደግሞ ከእሱ በጣም እናንስ ነበር፤ ይህን ልነግረው ስል ባጃጁ መጣ። ተሳፈረ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ያልነገርኩት ነገር እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ አለ።

እሷ ስምንተኛን እንደጨረሰች ቤተሰቡ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ፤ አጎቷ እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሸዋው ላይ ተቀምጠን ነበር። አሸዋው የቀኑን ሙቀት ገና አልለቀቀም። እኔ አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ጀመረች። ስለ ወንድሟ ነገረችኝ። ምን እንደሚፈራ፣ ማታ ማታ በእንቅልፍ ልቡ እንዴት እንደሚስቅ፣ አንድ ቀን የእናታቸውን ጫት ለፍየል አብልቶ እንዴት እንደተደበቀ። አማርኛው ሲያልቅባት በኦሮምኛ፣ ያ ሲያንሳት በሶማሊኛ። አንዳንዱ አልገባኝም። አላቋረጥኳትም። ‹‹በላ›› ለማለት ‹‹ይበላል›› አለች፣ ‹‹ሳቀ›› ለማለት ‹‹ይስቃል›› አለች፤ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ እንዲያ ስትል ሰማኋት።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። እናቷ ከማዶ፣ ከደጃፏ ቆማ ጠራች። ከልማድ ይሁን ከድካም አላውቅም፣ የሁለቱንም ልጆቿን ስም ነው የጠራችው።

ጓደኛዬ ከቀሚሷ ላይ አሸዋውን አራገፈች። ተነሳች።

‹‹መጣን!›› ብላ መለሰች።