ሦስት ቁልፍ የነበረው መጋዘን

ባለፈው ሳምንት ቴፒ ውስጥ አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት ስገባ፣ ጥበቃው ዣንጥላዬን ተቀበለኝ። ብረት አለው ተብሎ ነው። በጎን በኩል አጥሩ ፈርሶ ፍየሎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እነሱን የሚፈትሽ የለም። ሰጥቼው ገባሁ። እንዲህ ያለውን ጥበብ ድሮ ጠግቤዋለሁ።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ፣ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ የገበሬዎች ማኅበር የቡና መጋዘን ጸሐፊ ሆንኩ። ያኔ መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና ሲያዝ ተሳፋሪው ወርዶ ሙዝ እየላጠ ይጠብቃል። ሊቀመንበሩ ስብሰባ የሚወድ ጎልማሳ ነበር። ሌባ እንዳይገባ ብሎ በአንዱ በር ላይ ሦስት ጓጉንቸር አስገጠመ። አንዱን ቁልፍ እሱ፣ ሁለተኛውን ሒሳብ ሹሙ፣ ሦስተኛውን እኔ ያዝን። ሦስታችን ካልተገናኘን በሩ አይከፈትም። ንግግር አደረገ፤ አጨበጨብን።

ያላጨበጨቡት ዘበኛው ጋሽ ጴጥሮስ ብቻ ነበሩ።

«የኔ ልጅ፣ አናጢው ማጠፊያውን በውጭ በኩል ነው የመታው» አሉኝ በኋላ። «ሌባ በካቻቢቴ ፈትቶ በሩን ያነሳዋል። ቁልፍ ምን ይሠራለታል?»

«ታዲያ ለምን አይነግሩትም?»

«ነገርኩት። ‹አንተ ዝም ብለህ ጠብቅ› አለኝ። እየጠበቅሁ ነዋ!»

ኅዳር ላይ፣ ሊቀመንበሩና ሒሳብ ሹሙ ቁልፎቻቸውን ይዘው ማሻ ለስብሰባ በሄዱበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ንፋስ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ገነጠለው። ዝናቡ ወረደ። ውስጥ ያለው የገበሬው የዓመት ልፋት፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጀንፈል ነው፤ የእናቴም አራት ጆንያ እዚያው ነበር። ጀንፈል ከራሰ ይሻግታል፤ የሻገተ ቡና ገዢ የለውም። ከበሩ ሥር ቡናማ ውሃ መውጣት ጀመረ። እኔ አንዷን ቁልፍ ጨብጬ ቆሜያለሁ።

ጋሽ ጴጥሮስ የሚበሉትን ቅቅል ጎደሬ አስቀመጡ።

«ልፍታው?»

«ይፍቱት!»

«ኋላ ቢጠይቁኝ፣ ማን አለኝ ልበል?»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

ካቻቢቴው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር። ጎደሬው ሳይቀዘቅዝ በሩ መሬት ላይ ተጋደመ፤ ሦስቱም ጓጉንቸሮች እንደተቆለፉ ናቸው። ገበሬዎቹን ጠራን፤ ጆንያውን እየተሸከምን አጠገባችን ባለው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከመርን። ጥቂት ብቻ ራሰ።

ሊቀመንበሩ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ስብሰባ ጠራ። ስለ ቆርቆሮው አልጠየቀም። ስለ ቡናውም አልጠየቀም።

«የማኅበሩን በር ማን አስፈረሰ?»

«እኔ ነኝ የፈታሁት» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ። ማን እንዳዘዛቸው አልተናገሩም። ወደ እኔም አላዩም።

«አንቺስ?» አለኝ።

ቁልፌን ከአንገቴ አውጥቼ አሳየሁት። «ከእኔ አልተለየም።»

«ጎበዝ! ኃላፊነት ማለት ይሄ ነው!»

እሳቸው ተባረሩ፤ ለእኔ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። በሩ በዚያው ማጠፊያ ተመልሶ ተሰቀለና አራተኛ ጓጉንቸር ተጨመረለት። ጋሽ ጴጥሮስ ሲሄዱ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «የእናትሽ ቡና ደረቀ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ደርቋል አልኳቸው።

ሊቀመንበሩን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። እሱን መናቅ አይከብድም፤ በሩን አይቶት እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔ ግን በሩን አውቀው ነበር፤ ማን «ይፍቱት» እንዳለም አውቅ ነበር። ደብዳቤው አሁንም አለ። ለልጆቼ አሳይቼው አላውቅም።