ከሰዓት በኋላ የሚጠፋው ሞገድ

ልሄድ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ እማዬ አንቴናዬን በራሷ ጋቢ ጠቀለለችው። የሠርግ ጎላ ክዳን የሚያክል ሰሃን ነው፤ ምርምር ክፍል ውስጥ ስለፋበት ኖሬ፣ ሥራ ላይ የሚያውለው ጠፍቶ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣ የነበረ። «ይሄ ነው እንግዲህ ከእኔ የሚነጥልሽ?» አለችና ቋጠሮውን አጠበቀችው። ተላቀስን፤ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ስንደርስ የሁለታችንም ድምፅ ተዘግቶ ነበር።

ድንበር ላይ የጉምሩኩ ሰው ጋቢውን ገልጦ አፈጠጠ። በተሰባበረ አማርኛ፣ «ምንድን ነው?»

«አንቴና።»

«ቴሌቪዥን እኛም አገር አለ።»

«የቴሌቪዥን አይደለም፣ የስልክና የኢንተርኔት ሞገድ መቀበያ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«አንቺ? ማንን ልትሰልዪበት?»

ፓስፖርቴ እጁ ላይ ነው። እንኳን ሰው ልሰልል፣ በዚያ ሙቀት መተንፈስም አቅቶኛል! ደግነቱ ኋላ ያለው ሰልፍ ሲንጫጫ ሰለቸውና «አሌ፣ አሌ» ብሎ አሳለፈኝ።

በወደብ ከተማው፣ ካርቲየ 6 በሚሉት ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ወገኖቼ፣ ሙቀቱን አትጠይቁኝ። ጠዋት የሠራሁት ሽሮ ምሳ ሳይደርስ ይኮመጥጣል። የቀጠረኝ የስልክ ኩባንያ የሰጠኝ ሥራ ግን ግልጽ ነበር፦ አንቴናው ከቢሮው ጣሪያ ላይ ሆኖ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ታጁራ ያለውን ክሊኒክ ከስልክና ከኢንተርኔት ጋር ያገናኛል። ከሠራ የመኖሪያ ፈቃድ፤ ካልሠራ ወደ አገሬ።

ጠዋት ጠዋት ስንለካው እንዴት ያለ ጥራት መሰላችሁ! በስድስት ሰዓት ግድም ግን ጫቱ ይገባል፤ ያውም ከእኛው አገር። ያኔ ቢሮው ወና ይሆናል፣ ጣሪያው ላይ የሚወጣ ሰው ተፈልጎ አይገኝም። እኔም እንደ ሰዉ መሣሪያዬን ዘግቼ ቤቴ እገባለሁ።

አንድ ቀን አለቃዬ ሙሴ ዑመር ጠራኝ። «ማድሞዜል፣ የታጁራ ሰው የሚታመመው ጠዋት ብቻ ነው?»

«ምነው?»

«ከሰዓት በኋላ መስመሩ ይጠፋል። በየቀኑ!»

ክው አልኩ። ለካ ከሰዓት በኋላ ለክተን አናውቅም! እኔ የደጋ ልጅ፣ እንጦጦ ላይ ስሞክረው ጠላቴ ዝናብ ብቻ ነበር። እዚህ ደግሞ ከባሕሩ የሚነሳው እርጥብ አየር ሞገዱን እያጎበጠ መንገድ ያስተዋል።

«ሁለተኛ ሰሃን ከመጀመሪያው ዝቅ አድርገን እንስቀል፤ አንዱ ሲስተው ሌላው ይቀበለዋል» ብዬ ለመንኩት።

«ስቀዪ። ሐሙስ ከሰዓት ከጠፋ ግን ቅዳሜ ባቡር ላይ ነሽ።»

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሁለተኛው ሰሃን ተሰቅሏል። ሁሉም ጫቱን ይዞ ገብቷል፤ እኔ ጣሪያው ላይ ብቻዬን የሞገዱን ጥንካሬ የሚያሳየው ቁጥር ላይ አፍጥጫለሁ። ወረድ ሲል ልቤ አብሮት ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት።

«ጉልበትሽ ተሻለሽ?» አልኳት።

«ተይው እሱን። ያ ነገርሽ እንዴት ሆነ?»

«ዛሬ ይለይለታል። ከሠራ እቀራለሁ፣ ካልሠራ እመጣለሁ።»

«እኔ እኮ ለገብርኤል ልሳል ብዬ ነበር፤ አሁን ግራ ገባኝ። እንዲሠራልሽ ልሳል፣ ወይስ እንድትመጪልኝ? አንቺ ንገሪኝ፣ እንዳልሽው አደርጋለሁ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ዓይኔን ወደ ቁጥሩ መለስኩ።

«ሄሎ? ሄሎ? ውይ፣ ተቋረጠ መሰለኝ» ትላለች።

አልተቋረጠም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።