የጭራቋ ልጅ በለውዝ መጠቅለያ

ነገሩ ከሆነ ከአስር ዓመት በላይ አልፎታል። ፖሊስ አስደንግጦኝ ሲያበቃ እየሳቅሁ የተለያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ገበያ የተቆላ ለውዝ እሸጣለሁ። መጠቅለያዬ አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ በኪሎ ይገዛል፣ እየተገነጠለ ይጠቀለላል። ዐረብኛ ስናገር አገሬው ራሱ የአገሩ ሰው እየመሰልኩት ይሳሳታል፤ ማንበብ ግን አልሆነልኝም።

ያን ማለዳ አንድ አዲስ መጽሐፍ ጀምሬ ወደ ዶካ ከተማ ለሚሄዱ ተሳፋሪዎች ስጠቀልል ቆየሁ። ረፋዱ ላይ አንድ ሻዊሽ፣ ያው የፖሊስ ሃምሳ አለቃ፣ ደጃፌ ላይ ተገተረ። የመኖሪያ ፈቃዴ ካለፈበት ሰንብቷል። ሲያባርረኝ ታይቶኝ በሆዴ ድንበሩ ድረስ፣ መተማ ደርሼ ተመለስኩ።

«አንተ ሐበሻ፣ ይህ ወረቀት ያንተ ነው?» አለኝ፣ ቅባት የጠጣ ገጽ ዘርግቶ።

«ምን አጠፋሁ ጀናቡ፣ ጌታዬ?»

«የቀረውን አምጣ!»

ለካ የሻዊሹ ሴት ልጅ በወባ ተኝታለች። ጠዋት እናቷ ለውዝ ስትገዛላት ልጅቱ መጠቅለያውን አነበበችው። ታሪኩ የጠንቋይ ልጅ፣ የጅብ ልጅ፣ የጭራቅ ልጅ አብረው ስለሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። የጭራቋ ልጅ ፈተና ላይ «ሰው አልበላም» ብላ፣ ልትባረር ርእሰ መምህሩ ፊት ቆማለች። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ልጅቱም «መጨረሻውን ሳልሰማ መድኃኒት አልውጥም» አለች።

መጽሐፉን ሰጠሁት። አገላበጠና ጮኸ፤ «መጨረሻውን ሸጠኸዋል!»

«ኧረ እኔ ከመጀመሪያው ነው የገነጠልኩት!»

«አንተ ሰውዬ፣ ዐረብኛ በዚያ በኩል ነው የሚያልቀው!»

እኔ እንደ አማርኛ መጽሐፍ ይዤው ነበር።

መጨረሻው በዶካ ተሳፋሪዎች እጅ ስለሆነ እየተሯሯጥን መናኸሪያ ደረስን። የዶካ አውቶቡስ ካልሞላ አይነሳም፣ ተመስገን። ሻዊሹ ሲገባ ከጎንደር ያለ ፈቃድ ለአጨዳ ከመጡት ልጆች ግማሾቹ ወንበር ሥር ገቡ።

«ወገኖቼ፣ የምንፈልገው የለውዙን መጠቅለያ ነው!» አልኩ።

«ለውዙንስ በልተነዋል፣ እሱን አታስመልሰንም?» አለ አንዱ ከሥር።

ከየኪሱ፣ ከየወንበሩ ሥር ቅባታም ወረቀት ወጣ። ሻዊሹ ገጾቹን አስተካክሎ ማንበብ ጀመረ።

«ምን ይላል?» አሉ ልጆቹ። እሱ ሲያነብ እኔ አስተረጎምኩ።

ርእሰ መምህሩ በሩን ዘግቶ መሳቢያውን ሳበ። አንድ ሳህን ምስር ወጥ! ለካ እሱም ጭራቅ ሆኖ ሰው ቀምሶ አያውቅም። «ነይ ጉረሺ፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አላት። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ።

ሻዊሹ ገጾቹንም የቀረውን መጽሐፍም ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሮጠ። የመኖሪያ ፈቃዴን ማን አስታውሶት። በማግስቱ ሲያልፍ «ዋጠችው» አለኝ፤ ሌላ ወሬ የለም።

ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ቅር የሚለኝ የታሪኩ መጀመሪያ ከልጅቱ ጋር መቅረቱ ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሳትሆን አትቀርም። ባገኛት፣ ሰው መብላት የማትወደው የጭራቅ ልጅ ለምን እዚያ ትምህርት ቤት እንደገባች እጠይቃት ነበር።