ቱላ የተላከው ስልክ

በ2009 በጋ ባጃጅ ነጂው ማርቆስ ከፒያሳ የጫናት ሴት በዚያ ሙቀት ሻርፗን እስከ አፏ ተከናንባ ነበር። ከስፖኪዮው ላይ ዓይኗን አትነቅልም፤ የምታየው ግን መልኳን ሳይሆን ከኋላ የሚመጣውን መኪና ነው። ስልኳ በጠራ ቁጥር ትከሻዋ ይሰበሰባል፤ አታነሳውም።

«ለምን አታጠፊውም፣ እህቴ?» አላት ማርቆስ።

«ባሌ የነበረው ሰውዬ ስልኬን ሱቅ ወስዶ መከታተያ አስጭኖበታል፤ የሄድኩበትን ሁሉ ስልኬ ይነግረዋል። አክስቴ ቤት ብደበቅ መጣ። ሥራ ብቀይር መጣ።» ሻርፑ ሲንሸራተት አገጯ ላይ ያልሻረ ቁስል ታየ።

ሐይቅ ዳር ስትወርድ ስልኩን ወንበሩ ላይ ተወችው።

«እሱን ቱላ አድርስልኝ። ከዋርካው ሥር ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ስጣቸው፤ ነግሬያቸዋለሁ። ትናንት ‹ተከትያት አላውቅም፣ የት እንዳለችም አላውቅም› ብሎ ፊታቸው ምሏል። የማለበት ምራቁ ሳይደርቅ በገዛ እግሩ ከች ይልላቸዋል።»

ስልኩ እንደገና ጠራ። ትከሻዋ አልተነቃነቀም።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው፤ «እንዳያጣህ።»