ስለ ሐሰተኛው ኢሜይል የጻፍነው አቤቱታ

ቅናት አንጀት ያሳርራል ሲባል የሰማሁት በልጅነቴ ነው። ያረጋገጥኩት ግን ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ የሐበሻ የጭነት ቢሮ ውስጥ ነው። የኮምፒውተሩን ሥራ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤቱ ጋሼ አንድ ነገር ሲበላሽ "እሱን ጥሩልኝ" ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ እሷ ተቀጠረች።

ኪሌሌሽዋ፣ የናይሮቢ ባለጸጎች ሰፈር፣ ያደገች ሐበሻ ናት። ከስዋሂሊ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስትሻገር ትንፋሽ አያጥራትም። ጋሼ በሳምንቷ "ልጄ" ይሏት ጀመር። እኔን ይህን ሁሉ ዓመት "አንተ" ነው የሚሉኝ።

በዚያ ሰሞን አንድ አጭበርባሪ በእኛ የኢሜይል አድራሻ እያስመሰለ የመድኃኒት ማስታወቂያ ይበትን ጀመር። አንዱ ለራሳችን ሳይቀር ደረሰን። የደንበኞቻችን ሰርቨሮች እውነተኛውን ኢሜይላችንንም አንቀበልም አሉ። የጭነት ሰነድ ሳይደርስ ቀርቶ የሰው አበባ መጋዘን ውስጥ ጠወለገ። ጋሼ ሁለታችንንም ጠርተው፣ መልእክቱ ለተነሳበት የውጭ አገር የኢንተርኔት ኩባንያ በየፊናችሁ አቤቱታ ጻፉ አሉን።

የእሷን ጮክ ብለው አነበቡት። የጠወለገው አበባ፣ የጠፋው ስማችን፣ ሁሉም አለበት። "እንግሊዝኛ ማለት ይሄ ነው!" አሉና እሱ ተላከ። መልሱ ፈጥኖ መጣ፦ እናዝናለን፣ የመልእክቱን ሙሉ ራስጌ፣ ከየት ተነስቶ በየት እንዳለፈ የሚያሳየውን ጽሑፍ፣ ካልላካችሁ ምንም ማድረግ አንችልም። የአጭበርባሪውን መልእክት ፎርዋርድ ስታደርገው ራስጌው ተቆርጦ ቀርቷል። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ተራው የእኔ ሆነ። ራስጌውን እንዳለ ለጠፍኩ። የላኪውን ማሽን የአይፒ ቁጥር፣ የመልእክቱን መለያ፣ ያ ማሽን በስማችን እንዲልክ እንዳልፈቀድን የሚያሳየውን የኤስፒኤፍ ውጤት ጨመርኩ። የራስጌውን የታችኞቹን መስመሮች አጭበርባሪው ራሱ ሊፈጥራቸው ስለሚችል፣ የእኛ ሰርቨር የጻፈውን መስመር እመኑ አልኩ። የአይፒ ቁጥሩ ከአንዱ የኩባንያው ደንበኛ ወደ ሌላው ስለሚዘዋወር፣ መልእክቱ የደረሰበትንም ሰዓት ከነናይሮቢ የሰዓት ቀጠና አሰፈርኩ።

"በተባለው ሰዓት ቁጥሩን የያዘ ደንበኛ አልነበረም" የሚል መልስ መጣ። ጋሼ መልሱን አንብበው ወደ እሷ ዞሩ።

እሷ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። "ሳሳ፣ እንግዲህ ወንድሜ፣ መልእክቱ የመጣው እኮ ጠዋት ቻይ ስንጠጣ ነው። አንተ ስሪ ኤኤም አልካቸው። ሌሊት ነው እኮ እሱ!"

ሰርቨሩን ከፈትን። ለካ ሰርቨሩ ሲተከል ጋሼ ሰዓቱን የሞሉት የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ፣ በሐበሻ አቆጣጠር ነው። የእኛ የጠዋት ሦስት ሰዓት ለፈረንጁ ዘጠኝ ነው። እኔም በየቀኑ እያየሁት አንድም ቀን አልከነከነኝም፤ ለእኔም ጠዋት ሦስት ሰዓት ነዋ!

"በስዋሂሊም ሳ ታቱ፣ ሦስት ሰዓት ነው፤ በራስህ አትፍረድ" አለች እየሳቀች። አቤቱታዬ ላይ ስድስት ሰዓት ደምሩ የሚል መስመር አክላ ላከችው። አጭበርባሪው ተገኝቶ መስመሩ ተዘጋ፤ ኢሜይላችንም ቀስ በቀስ ማለፍ ጀመረ።

"ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!" አሉ ጋሼ። እኔ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ።

"ኖ ጋሼ፣ ሥራው የሱ ነው። እኔ ሰዓቷን ብቻ ነው ያስተካከልኩት።"

ከልቧ ነበር። ምናለ ክፉ በሆነች! እኔ በሷ ቦታ ብሆን ዝም ብዬ እመሰገን ነበር። ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝኛዋ መቅናት ተውኩ፤ የምቀናባት በዚህ ሆነ።